ሰምቼ ያላሰማሁት አዋጅ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የልጅ ልጄ ማርታ ለፈተና ስታጠና እሰማ ነበር። ማርታ የምትማረው አዲስ አበባ ነው፤ ለዕረፍት ስትመጣም ደብተሯን ተሸክማ ነው የምትመጣው። ስታጠና ድምፅ ታወጣለች። ይህን ከእኔ ሳትወርስ አትቀርም፤ እኔም ዳዊት ስደግም ጎረቤት ይሰማኝ ነበር። የዚህኛው ደብተሯ ርእስ ረጅም ነው፤ «መንግሥትና የፖለቲካ ተግባቦት በዲሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ» ይላል። «መልእክት ላኪ፣ መልእክት፣ መልእክት ተቀባይ፣ ምላሽ» እያለች ትደጋግማለች፤ አራቱንም በሳጥን በሳጥን ሥላ በቀስት አያይዛቸዋለች። በዚህ መሐል ሞንታርቦ የጫነ መኪና በመንገዳችን አለፈ። መኪናው ችኩል ነው። «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች» ያለው ደረሰን፤ የቀረውን አቧራው ይዞት ሄደ። «ምን አለ?» አልኳት። «እኔንጃ እማማ፣ አልሰማሁትም» ብላ ወደ ሳጥኖቿ ተመለሰች። ከፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤታችን አልማዝ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷም የሰማች አልመሰለኝም። ልጠይቃት ግን አልወደድኩም። የጣሪያዋ አሸንዳ ውሃውን በእኛ በር ላይ ማውረድ ከጀመረበት ከሐምሌ ወዲህ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው።

ማርታ ብቻዬን ስስቅ አየችኝና «በእርስዎ ጊዜ መንግሥት ከሕዝብ ጋር እንዴት ነበር የሚነጋገረው?» አለችኝ። ለፈተናው ይጠቅመኛል ብላ ነው፤ ልጅቷ ነገር አታባክንም። «በጉሮሮ» አልኳት። ጽፋ ልትይዘው እስክሪብቶዋን አነሣች። እኔ ግን ከዚያች ቃል ወዲያ ልቤ በረንዳው ላይ አልነበረም።

ያኔ የከተማችን ስም አዳማ ነበር፤ በኋላ ናዝሬት ተባለች፤ አሁን ደግሞ አዳማነቷ ተመልሶላታል። እኔ በሁለቱም ስም ጠርቻታለሁ፣ በሁለቱም አቤት ብላኛለች። ከተማ ማለቱ ራሱ ማጋነን ነው። የባቡር ጣቢያው አለ፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት የአረቦቹ ሱቆች አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የቁልቋል አጥር ያላቸው ጎጆዎች ናቸው፣ ከዚያም ሜዳና ነፋስ። ነፋሱ ዛሬም ያው ነው፤ ፎቁ ሁሉ ተሠርቶበት መንገዱን አልሳተም። ባቡሩ ሲመጣ ከፉጨቱ በፊት ምድሩ ነው የሚነግረን፤ ሰሐን ከሰሐን ይንቀጫቀጫል፣ ዶሮዎች ይሸሻሉ፣ እኛም ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ጣቢያ እንወጣለን፣ የምንቀበለው ሰው ባይኖርም። አረቡ ሱቅ ውስጥ አቡጀዲ የሚለካው በክንድ ነበር፣ በገዢው ክንድ። ስለዚህ ቀሚስ የሚያስፈልጋት ሴት ሁሉ ረጅም ወንድ ትልካለች። በእኛ ሰፈር ረጅሙ ሰው የእኔ ባል ተክሌ ነበርና ግማሽ አዳማ በእሱ ክንድ ለብሷል። ጠገራ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው አህያ ጭኖ ነበር የሚመለሰው። የሐዲድ ሠራተኞቹ ብረቱን ሲያነሡ የሚያወርዱት ዜማ ዛሬም ወጥ ሳማስል ይመጣብኛል፤ ግጥሙ ጠፍቶኛል፣ ማንኪያዬ ግን ምቱን አልረሳውም።

አዳማ የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ተድሬ ነው። አባቴ ቡልጋ መሪጌታ ነበሩ። እግዜር ወንድ ልጅ ስላልሰጣቸው ፊደሉንም ዳዊቱንም በእኔ ላይ አራገፉት። ተክሌ ጣቢያው ላይ ይሠራል፤ ባቡሩ ከሐዲድ ወደ ሐዲድ ሲዛወር ብረቱን የሚያዞረው እሱ ነው። የናስ ቁልፍ ያለው ካኪ ኮት ነበረው፤ እሱን ለብሶ ሲወጣ እኔ በአጥር ሥር አየዋለሁ፣ እንዳላየሁትም እመስላለሁ። ከስሙ በቀር ማንበብ አልሆነለትም። በሳምንት አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በሚወርደው ባቡር የተሳፈረ አንድ ሰው ያነበበውን ጋዜጣ ጥሎለት ይሄዳል፤ ተክሌም ከኮቱ ሥር ሸጉጦ ያመጣልኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈር ሴቶች ጥጣቸውንና ስፌታቸውን ይዘው ግቢዬ ይሰበሰባሉ፣ እኔም አነብላቸዋለሁ። ወንዶቹ ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ የማይሰሙ መስለው፣ ይሰማሉ። እንግዲህ ማርታ፣ የእኔ ዩኒቨርሲቲ ያ ግቢ ነበር።

ከሁሉም ፊት የምትቀመጠው ቡርቂቱ ነበረች። በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ፣ ከእኔ ሦስት ወይ አራት ዓመት የምትበልጥ፣ የአዳሚ ቱሉ ልጅ። ባሏ በወባ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይወልዱ፣ ከጣቢያው ሥር ባለው ቦታው ላይ ብቻዋን ቀርታለች። ቅቤ ትነግዳለች፤ የቅቤውን ቅል በራሷ ላይ ተሸክማ ስትሄድ አንገቷ ንቅንቅ አይልም። የባሏ ወገኖች እንደ አገሩ ልማድ ወንድሙ ይውረሳት ብለው ሽማግሌ ቢልኩባትም፣ «ቤትና ደጅ እያለኝ ማንም እንደ ላም አይነዳኝም» ብላ መልሳቸዋለች። ቤትና ደጁ ባይኖራትስ? ያን ጊዜ መመለሻ ቃል የላትም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴን ሳላሳንስ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ቡርቂቱ አታነብም፤ መጠየቅ ግን ታውቃለች። አንድ ጊዜ ጋዜጣው አዲስ አበባ ስለሚቋቋም ምክር ቤት ጻፈ።

«ምክር ቤት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ታላላቅ ሰዎች ተሰብስበው ስለ አገር የሚመካከሩበት ነው።»

«ዛፍ ሥር?»

«አይ፣ ቤት ውስጥ።»

«በሩ ይዘጋል?»

«ይዘጋል መሰለኝ» አልኩ፤ እኔስ ምን አውቄ።

«እንግዲያ ውጪ የቆመው ሰው እንዴት ይሰማል?» አለች። «እኛ አገር ጉባኤ ዛፍ ሥር የሚሆነው ላሚቱም እንድትሰማ ነው።» ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ማርታ ስለ ግልጽነት አንድ ምዕራፍ ሙሉ ስታነብልኝ ያች ላም ትዝ ትለኛለች።

ነገራችን የተበላሸው በፍየል ነው። አንድ ቅዳሜ ሴቶቹ ሳይመጡ ጋዜጣውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወደ ቤት ገባሁ። ስወጣ የቡርቂቱ ፍየል በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ የመጨረሻውን ገጽ እያኘከች ነበር። ከአፏ ያስጣልኩት ቁራጭ ላይ «ከዚህም በቀር» የሚል ብቻ ቀርቷል። ያን ሳምንት መንግሥት ለአዳማ ምን ሊላት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ቡርቂቱ ስትመጣ ፍየሏን አይታ ሳቀች፤ «እሷም ወሬ አምሯት ነው» አለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ነገር እሱ ነበር፤ ከእሱ ውጭ እኔ የጣቢያ ሠራተኛ ሚስት ነኝ፣ እሱን ስይዝ ግን ሰው ዝም ብሎ ይሰማኛል። «አንቺ ስለ ወረቀት ምን ታውቂያለሽ፤ ከቅቤ ሌላ የምታውቂው ነገር አለ?» አልኳት። ሳቋን አቆመች። ፍየሏን በቀንዷ ይዛ ወጣች። ቃሉ የት እንዳረፈ አይቻለሁ፤ ይቅርታ ግን አላልኩም።

በዚያ ጊዜ የአጥር ጎረቤት ተኳረፈ መባል ትልቅ ነውር ነው። ሽማግሌ ይገባበታል፣ ሰፈር ይሰማል፣ የሁለቱም ቤት ገመና ይወጣል። ስለዚህ ኩርፊያችንን ደበቅነው። በሰው ፊት «እንዴት ዋልሽ» እንባባላለን፤ ሰው ዞር ሲል ሁለታችንም ድንጋይ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜም ትመጣለች፤ መጠየቁን ብቻ ተወችው። ተክሌ እንኳ አልነቃብንም። በነሐሴ እህቷ ወልዳ ልታርሳት ወደ አዳሚ ቱሉ ስትነሣ፣ ጎረቤት ሁሉ ሊሸኛት ቆሞ ሳለ፣ «አስካለ፣ ቤቴን አደራ» አለችኝ። «እሺ፣ በሰላም ግቢ» አልኩ። ለሰው ዐይን የተባለ ነው። አደራ ግን ለሰው ዐይንም ቢባል አደራ ነው።

ከሄደች ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አዋጅ መጣ። አዋጅ ነጋሪያችን ጋሽ ደምሴ ቁመቱ አጭር ነው፤ ድምፁ ግን ከባቡሩ ፉጨት ጋር ይወዳደራል። አዋጅ ባለበት ቀን ጠዋት ጥሬ እንቁላል ስለሚጠጣ፣ ሚስቱ እንቁላል ስትገዛ ያየ ሰው ሁሉ «ዛሬ ነገር አለ» ብሎ ገበያ ይወጣል። ገበያው መሐል ባለው ጉቶ ላይ ወጥቶ ነጋሪቱን ጎሰመና «ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ። ቀጥሎም፣ በጣቢያው ዙሪያ ቦታ አለኝ የሚል ሁሉ ሦስት ምስክር ይዞ ምስለኔው ዘንድ እየቀረበ እስከ መስቀል ያስመዝግብ፤ ያላስመዘገበ ቦታ እንደሌለው ይቆጠራል አለ። ምስለኔ የሚባለው ያን ጊዜ በአገረ ገዢው ስም አካባቢውን የሚያስተዳድረው ሹም ነው።

ይህን ስነግራት ማርታ «ይሄማ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ተግባቦት ነው» አለችኝ። አይደለም። አዋጁ ጋሽ ደምሴ ጉሮሮ ላይ አያበቃም። ከገበያ የተመለሰ ሰው ሁሉ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ለታመመው፣ ለአራሷ፣ ለእረኛው፣ መንገድ ለሄደው የመንገር ዕዳ አለበት። አልሰማሁም ማለት ምክንያት የማይሆነውም ለዚሁ ነው፤ ጎረቤት አለህ ተብሎ ይታሰባል። በእኛ ሰፈር የሆነው እንዲህ ነው፦ ሁሉም «ለቡርቂቱ አስካለ ትልክላታለች፤ አደራውንም የተቀበለች እሷ፣ ጋዜጣ አንባቢም እሷ» ብሎ ተወው። እኔ ደግሞ «ቅቤ ነጋዴ ናት፣ በየመንገዱ ዘመድ አላት፣ አንዱ ይነግራታል» አልኩ። ይህን ያልኩት ለራሴ ነው። እውነቱ ሌላ ነው፤ ወረቀት የሚያውቅ ሰው እንደሚያስፈልጋት አንድ ቀን ይግባት ብዬ ነው። ተክሌ «ለቡርቂቱ ላክሽላት?» ሲለኝ «ልኬአለሁ» አልኩት። በአንዲት ቃል ሁለት ጥፋት ሠራሁ።

ዕንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ የባሏ ወንድም ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣና ቡርቂቱ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ማንንም አልነካም። ለተክሌ ብቻ፣ ደስ ብሎት፣ «እስከ መስቀል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቤቷ ትመጣለች» አለው። ወደ ቤቷ ያለው ወደ እሱ ቤት ማለቱ ነው። ለተክሌ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፍየሏንም፣ ቅቤውንም፣ «ልኬአለሁ» ያልኩትንም። ከዚያ ያንን ካኪ ኮት አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው። «ጥፋቱ የምላስ ነው፤ በእግርሽ ትክሺዋለሽ» አለኝ።

ሼህ ይማም የሚባሉ የወሎ ነጋዴ ከነባለቤታቸው ጨውና አቡጀዲ ጭነው ወደ ዝዋይ ይወርዱ ነበርና ተክሌ ለእሳቸው አደራ ሰጠኝ። እስከ ሞጆ በባቡር፣ ከሞጆ በበቅሎ ወረድን። ዛሬ በዚያ መንገድ የልጅ ልጆቼ በአንድ ጠዋት ላንጋኖ ደርሰው፣ ዋኝተው፣ ዓሣ በልተው ማታ ቤታቸው ናቸው፤ «ሲያሰለች መንገዱ» ይሉኛል። እኔ መቂ ወንዝ ሞልቶ ሁለት ቀን ሙሉ ዳር ላይ ተቀምጬ ጎርፉ ቅርንጫፍ ሲያወርድ አይቻለሁ። ቀኑን በጣቴ እቆጥር ነበር፤ መስቀል ቀረበ፣ ወንዙ አልጎደለም። የሼህ ይማም ባለቤት እትዬ ዘምዘም ማልቀሴን አይታ ነገሩን ሁሉ አወጣጣችኝ። አልተቆጣችኝም። «በቃል የበደልሻትን በቃል አትጀምሪላት። ስትደርሺ እርጥብ ሣር ነጭተሽ በእጅሽ ያዢ። እዚያ አገር ሣር የያዘ ሰው እርቅ ፈልጎ የመጣ ነው፤ ያኔ ይሰሙሻል» አለችኝ።

አዳሚ ቱሉ ስንደርስ ከሐይቁ ዳር ሣር ነጨሁ። የጭቃ መዓት በአቡጀዲ ቀሚሴ ላይ፣ የባሌ ካኪ ኮት ከላይ፣ ሣር በእጄ፤ እንዲህ ሆኜ ነው ከአራሷ ደጅ የቆምኩት። የቡርቂቱ እናት ወጡ። ሣሩን አይተው ምንም ሳይጠይቁ «አካም ጅርታ? ነጋ?» ብለው ሰላምታ ጀመሩ። ደኅና ነሽ? ባልሽ ደኅና ነው? አገሩ ሰላም ነው? ዝናቡስ? ከብቱስ? ሣሩስ? ቀኑ እየሮጠ እኔ ስለ ከብት እመልሳለሁ። ከዚያ አስገቡኝ፤ በቅቤ የራሰ ገንፎ አበሉኝ። አራስ ቤት ውስጥ ክፉ ነገር አይነገርም፤ ስለዚህ በልቼ፣ ልጁን መርቄ፣ እስክወጣ ድረስ አዋጁ በጉሮሮዬ እንደ አጥንት ቆሞ ነበር።

ቡርቂቱ ተከትላኝ ወጣች። ደጅ ግራሩ ሥር ስንቆም እጄን አየችና «ከአዳማ ድረስ ሣር ተሸክመሽ የመጣሽው ለፍየሌ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«መቼ ነው የተነገረው?»

«ነሐሴ መጨረሻ።»

«ያን ቀን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ሆን ብዬ ነው ያልላክሁልሽ።»

ሐይቁን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ሣሩን ከእጄ ተቀበለች፤ ግማሹን ለራሷ አስቀርታ ግማሹን መለሰችልኝ። «ኩርፊያው ይቆየን፣ ይደርሳል። አሁን በቅሎ ፈልጊ» አለች። ስንነሣ ሲንቄዋን ያዘች። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ለመምቻ አይደለችም። ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከቆመች ተበድያለሁ ማለቷ ነው፤ ያያት ሴት ሁሉ የያዘችውን ሥራ ጥላ ከጎኗ ትቆማለች፣ ወንድም ያንን መስመር ጥሶ አያልፍም። የደመራ ጭስ ከሩቅ ሲታየን ገና መቂ ነበርን፤ ሁለታችንም አየነው፣ በቅሎዎቹንም አፈጠንን።

አዳማ የገባነው መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በገበያ ቀን ነው። ምስለኔው እንደ ልማዳቸው ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው አቤቱታ ይሰማሉ። የባሏ ወንድም ሽማግሌዎቹን ይዞ ቆሟል። ቡርቂቱ ከነመንገድ አቧራዋ ሄዳ ፊታቸው ቆመች፣ ሲንቄዋን ተክላ። ቅቤ ሻጮቹ አዩአት። አንዷ ቅሏን አስቀመጠች፤ ሌላዋ ወተቷን ከደነች፤ ድምፅ ሳያሰሙ እየመጡ ከጎኗ ቆሙ።

«አዋጅ ተነግሯል፤ ቀኑም አልፏል» አሉ ምስለኔው፣ ቀስ ብለው።

«ጌታዬ፣ አዋጁ የጠራው ማንን ነው?»

«ሁሉን።»

«አልሰማሁም ላለው የሚያሰማ ማን ነው ብሏል?»

ምስለኔው ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። ጋሽ ደምሴም እንደ ተማሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አለ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በዝቅተኛ ድምፅ።

«እንግዲያ የሰማው ሰው ይጠየቅልኝ» አለች ቡርቂቱ።

ወደ እኔ አልዞረችም። ስሜንም አልጠራችም። ለእኔ ተወችው። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ ኩርፊያችንን ራሳችን በደንብ ደብቀነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰሙኝ ሴቶች በሙሉ እዚያ ናቸው፤ ወንዶቹም፣ ዛሬ አጥር ሳይከልላቸው። ወደ ፊት ወጣሁና «እኔ ነኝ። አደራዋንም የተቀበልኩ፣ አዋጁንም የሰማሁ እኔ ነኝ። አላሰማኋትም» አልኩ።

«ለምን?» አሉ ምስለኔው።

ለምን? ያንን በገበያ መሐል መናገር ነበረብኝ። «ፍየሏ ጋዜጣዬን በልታብኝ» አልኩ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ምስለኔው ራሳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ጋሽ ደምሴ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ሁለት ሰው ብቻ አልሳቀም፤ የባሏ ወንድምና ቡርቂቱ። ሳቁ ሲበርድ ምስለኔው ሽማግሌዎችን ጠይቀው ፈረዱ፤ አዋጅ ያልደረሰው ሰው ቀኑ የሚቆጠርለት ከደረሰው ቀን ጀምሮ ነው፣ እንዳይደርሳት የከለከለችውም ራሷ መስክራለች። ቡርቂቱ በዚያው ሰዓት ተመዘገበች። ግን በመንገዱ በኩል ያለው የቦታው ግንባር መስቀል በዋለ ማግስት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበርና አልተመለሰላትም። የኋላው ቀረላት። ቤቷ ተረፈ፣ ደጇ ሄደ። የባሏ ወንድም በቅሎውን ጭኖ ተመለሰ። በእኔ ላይ ደግሞ እንዲህ ተፈረደብኝ፤ ከእንግዲህ አዋጅ በተነገረ ቁጥር ገበያ ያልወጣችውን ሴት ሁሉ ቤት ለቤት ዞሬ እንዳሰማ።

ዞርኩ። ዓመታት ዞርኩ፣ ጣሊያን መጥቶ ነገሩን ሁሉ እስኪያምሰው ድረስ። ቅጣት መሆኑ ቀርቶ ሥራዬ ሆነ። አራሶች ይጠብቁኝ ነበር፤ ጋሽ ደምሴም «ረዳቴ» ይለኝ ጀመር። ከጎኔ ማን ትሄድ ነበር ብትሉ ቡርቂቱ ናት። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በኦሮምኛ፤ እኔ ስቸኩል እሷ «ቆይ፣ መጀመሪያ ከብቷን ጠይቂያት» ትለኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜም ተመልሳ መጠየቅ ጀመረች። ማንበብ ላስተምርሽ ብላት «አንቺ አንብቢ፣ እኔ እጠይቃለሁ፤ ሁለታችንም ካነበብን ማን ይጠይቃል?» አለችኝ። ፍየሏን ሰፈሩ «ጋዜጠኛዋ» ብሎ ሰየማት፤ ከእኛም በላይ ታወቀች። ግን የዋህ አትምሰላችሁ፤ በጓሮ ዞራ ወደ ቤቷ በገባች ቁጥር፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ «ይሄው ደጅሽ አስካለ፣ በጓሮ እየገባሁልሽ ነው» ትለኛለች። ስቃ ትለዋለች። እኔም እስቃለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ከእሷ ትንሽ ዘግይቼ።

ቡርቂቱ ስትሞት እኔ ሻሸመኔ ሴት ልጄ ቤት ነበርኩ። የልጄ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤታቸው ስልክ አለ። ቡርቂቱ ሙስሊም ናት፤ የእነሱ ቀብር አይዘገይም፤ በሞተችበት ቀን ቀበሯት። ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሼ ከመኪና ስወርድ፣ በጓሮዋ በኩል የቆመውን ድንኳን ያየሁት በዐይኔ ነው። ማንም አልነገረኝም። ጎረቤቶቹ «ለአስካለ ልጆቿ ይደውሉላታል» ብለው ነበር፤ ልጆቼ ደግሞ «የአጥር ጎረቤቷ ናት፣ ይህንማ ማን ሳይነግራት ይቀራል» ብለው። በማንም አልተቆጣሁም። እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ሣር ነጭቼ መቃብሯ ድረስ ሄድኩና ግማሹን እዚያ ትቼ ግማሹን ይዤ ተመለስኩ።

ማርታ እስክሪብቶዋን ካስቀመጠች ቆይታለች። ደብተሯን ተቀበልኳትና ጣቴን በሳጥኖቹ ላይ አስኬድኩ፤ ላኪ፣ መልእክት፣ ተቀባይ፣ ምላሽ። «ያልሰማው የት ነው ያለው?» አልኳት። ደብተሩን ዞር አድርጋ አየች። «እዚህ ውስጥ የለም እማማ» አለች። «እንግዲያ ተነሺ፤ መኪናው ያለውን ጠይቀሽ ነይ» አልኳት። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ እስከ አስፋልቱ ሄዳ ተመለሰች። «የመራጮች ምዝገባ ነገ ያበቃል ነው ያለው» አለችኝ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ይኸው ለእርስዎ።»

ዱላዬን ይዤ ተነሣሁ። አልማዝ አሁንም በሯ ላይ ናት፤ ስታየኝ ፊቷን ወደ አሸንዳው አዞረች። ከሐምሌ ጀምሮ የእሷ ጣሪያ ውሃ በሚወርድበት ቦታ፣ በራችን ሥር፣ ሣሩ ጥሩ አድርጎ በቅሏል። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ ነጨሁ። ማርታ ክንዴን ደግፋ «እማማ፣ ሣሩ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸው እኮ አያውቁም» አለችኝ። «እነግራታለሁ» አልኩና መንገዱን ተሻገርን።